ለመጮህ የማይበቃ

ሃያ ዓመት በራችን የሚንኳኳው በድንጋይ ነበር፣
ልሙጥ፣ ጥቁር፣ የጡጫ ልክ፣ የተለቀመ ከጣና ዳር።
ቆርቆሮውን ሁለቴ ሲመታው
የኛ ውሻ ይጀምራል፣ ሽምብጥ በሙሉ ይቀበላል፤
ከዚያ ወዲያ የመጣውን ሰው ድምፅ ማን ይሰማል?

ማስተዋል ልጄ የሌሊት ተረኛ ናት፣ አዋላጅ፤
የሰው ልጅ ስትቀበል አምሽታ ስትመጣ ወደ ደጅ
ባጃጁ መብራቱን ይዞባት ይዞራል፤
ድንጋዩን ፍለጋ ሣር ለሣር ትዳብሳለች።
«እባብ ቢሆንስ?» አልኳት አንድ ቀን።
«እሱም እንደኔ ተረኛ ነዋ!» አለች።

ቅዳሜ ባንታምላክ ሱቅ ሄድኩ፣ መጥሪያ ልመርጥ።
ደረደረልኝ፦ እንደ ወፍ የሚንጫጫ፣ እንደ ሕፃን የሚስቅ፣
ባትሪ እየበላ ያለ ገመድ የሚጣራ ከሩቅ።
«ጋሼ፣ ይኼ ይሻልዎታል፤ ግድግዳ መብሳት የለ፣ ሽቦ የለ።»
«የጎረቤቴ እንግዳ እኔን ቢቀሰቅሰኝስ?» ብለው፣ ዝም አለ።
በሠላሳ ዓመት የጀልባ ሞተር ጠጋኝነቴ
ያልዳሰሰውን መስመር አምኖ አያውቅም አንጀቴ።

ከመስታወቱ ሥር አንዲት ቁልፍ አወጣ፤
ዙሪያዋ ነሐስ፣ መሃሏ ነጭ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል።
«ይቺ ሌሊት ትበራለች።»
«በምን? ሌላ ገመድ አላት?»
«የላትም። በዚያው በሁለቱ። ቅንጣት ኃይል ሁልጊዜ በደወሉ ውስጥ ያልፋል፤
ለመጮህ አይበቃም፣ ለማብራት ግን ይተርፋል።»

በዘንባባው ጥላ ሥር ወደ ቤት ስሄድ
ይህቺ ቃል አልለቀቀችኝም።
የእናቷ ዓይን እንዲህ ነበር በመጨረሻው ሳምንት፤
ቃል አጥሮት፣ ማን እንደገባ ግን የሚያይበት።

ቆጣሪውን አጠፋሁ። ትራንስፎርመሩን ከኮርኒሱ ሥር አሰርኩ፣
ትራፓኖ ተውሼ የበሩን ምሰሶ በሳሁ።
ከአቧራው ጋር የሐይቅ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ተፈጭቶ ወጣ፤
ግንቡም ለካ አሸዋው ከጣና ነው የመጣ።
ሽቦውን ልጬ፣ ጠምዝዤ፣ በካቻቢቴ ብሎኑን አጠበቅኩ፣
ናስትሮ ጠቀለልኩበት፣ ለክረምቱ ጎማ አለበስኩ።

ማታ ደወሉ ማንም ሳይነካው መዝመዝም ጀመረ።
ዝዝዝ፣ ጆሮ ሥር እንደገባ ቢንቢ።
አንድ ሌሊት ቻልኩት።
ሰኞ ባንታምላክ ሳቀብኝ፦
«የእርስዎ ደወል ጆሮው ቀጭን ነው ጋሼ፣ ያቺን ቅንጣት ጥሪ መሰለችው!»
የፎገራ ሩዝ የምታህል፣ ባለ ቀለበት ሬዚስተር ሰጠኝ፤
ከደወሉ ጎን ለጎን አሰርኳት፤ አረፈ፤ እኔም እንቅልፍ ወሰደኝ።

አሁን ትበራለች። እኔ ግን አላያትም፤
ፊቷን ለመንገዱ ነው የሰጠችው፣ ከአልጋዬ ብዞርም አትታይም።
ከቤቴ መብራት ሁሉ፣ ሒሳቡን እኔ ከፍዬ
ለሚመጣ ሰው ብቻ የሚበራ እሷ ናት።
ጠዋት ጠዋት ዙሪያዋ የረገፈውን የሐይቅ ትንኝ ክንፍ እጠርጋለሁ፣
ማስተዋል የነካችበትን የጣት አሻራ እተዋለሁ።

ያለፈው ሐሙስ መብራት ጠፋ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ
ቆርቆሮው ጮኸ፣ ሁለቴ፣ በድንጋይ።
ውሻው ጀመረ፣ ሰፈሩ ተቀበለ።
ከፈትኩ። ድንጋዩን እንደያዘች ቆማለች።
«ከቁልፏ ሥር፣ ከግንቡ ላይ አስቀምጬው ነበር፣ እንዲህ ላለው ቀን» አለች።

«ስንት አዋለድሽ?»
«ሦስት። አንደኛው ብዙ ቆየ ሳያለቅስ፤
አገላብጠን፣ ጀርባውን አሽተን፣ ዶክተሩም ሮጦ እስኪደርስ።
ዓይኑን ግን ገልጦ ያየኝ ነበር፣ አባ።
ሙሉውን ጊዜ ያየኝ ነበር።»

ጫማዋን አወለቀች። ድንጋዩን ወደ ቦታው መለስኩ፣
በዳበሳ፣ ከቁልፏ ሥር።
መብራት ገና አልመጣም ነበር።